የዶክተር ወለላ ብቅል

ዶክተር ወለላ ክንዱ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከመሥሪያ ቤት የተላከ አንድ ባለ ክራባት ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ዕድሜያቸውን ሙሉ በምርምር ያሳለፉ ምሁር» አለ። ንፍሮ እየዘገንሁ ነበር፤ እፍኙን ወደ ሳህኑ መለስሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ! ከስልሳ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ውስጥ አገሯ ምርምር እንድትሠራ የፈቀደላት ሰባት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ታሰረች፤ ከእስር ስትወጣ ለዓመታት ወረታ ላይ የእህል ጆንያ ስታስመዝን ኖረች። ይህን ያደረገባት ደግሞ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ሰዎች ናቸው። ባለ ክራባቱ ስለ ሰዎቹ ምንም አላለም። ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠ፣ ሕዝቡም አሜን አለ።

አሜን ያላልሁት እኔ ነኝ። አንዳርጋቸው እባላለሁ። ያኔ የላቦራቶሪዋ ረዳት ነበርሁ፤ እህል የምፈጨው፣ ብርጭቆ የማጥበው፣ የምትለኝን በደብተር የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር። እሷ ግን «አላረጀሁም፣ አንቺ በለኝ» እያለች ትቆጣኝ ስለነበር፣ ቢዘገይም እዚህ ላይ ፈቃዷን ልፈጽም።

ወለላ የማክሰኝት ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የታወቁ ጠላ ሻጭ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ግቢያቸው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ገብሱን ይነክሩና በቅጠል ያፍኑታል፤ በሦስተኛው ቀን ሲያጎነቁል ሰሌን ላይ ያሰጡታል። ብቅል ማለት ይኸው ነው። ልጅቱ ዶሮ እንዳይለቅመው ትጠብቃለች፤ ዶሮዋን እየከለከለች ግን ራሷ ትለቅመዋለች። ጥሬው ገብስ አይጣፍጥም፣ የበቀለው ይጣፍጣል። ማር ያልገባበት እህል ከየት አምጥቶ ጣፈጠ ብላ ብትጠይቅ፣ የጎደለውን ብቅል ያዩት እናት መልሱን በኩርኩም ሰጧት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ውጭ አገር ዶክተር የተባለችበትን ጽሑፍ የጻፈችው ስለዚያው ጥያቄ ነው።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ነገሩን ያስረዳችኝ በመቁጠሪያ ነው። በእህል ሆድ ውስጥ ያለው ነጩ ነገር፣ ስታርች የሚሉት፣ ሌላ ምንም ሳይሆን ስኳር ነው አለችኝ፤ ሺህ ስኳር እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በክር ተሰክቶ ሰንሰለት ሲሠራ። ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ምላስ ጣፋጭነቱን አያገኘውም። እህል ሲበቅል ግን ክሩን የሚቆርጥ መቀስ በውስጡ ይፈጠራል። አንዳንዱ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የጤፉ ከዳጉሳው፣ የዳጉሳው ከገብሱ ይለያል። እሷ የምታጠናው የትኛው ክር የት ላይ እንደሚቆረጥ ነበር። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ያልተቆረጠው ሰማያዊ ይሆናል፤ እየተቆረጠ ሲሄድ ሰማያዊው ይደበዝዝና ይጠፋል። ያ ቀለም ሲጠፋ ስታይ የሚሰማት ደስታ እኔ ደመወዝ ስቀበል እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በ1970 ዓ.ም. የተማረው ሁሉ በሱዳን በኩል ሲወጣ እሷ በቦሌ ገባች። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት አነስተኛ የእህልና ምግብ ምርምር ጣቢያ ተመደበች። መብራት በሄደ ቁጥር ማቀዝቀዣው ወለሉ ላይ ያለቅሳል። ቴርሞሜትራችን ከተሰበረ በኋላ ሙቀት የምንለካው በጣታችን ነበር፤ ጣት ነክሮ እስከ ሦስት መቁጠር ከተቻለ ልክ ነው፣ ካልተቻለ ገና ይብረድ። አዮዲን ሲያልቅብን ከጤና ጣቢያ የቁስል መቀቢያ እንለምናለን። በዚህ ሁሉ መሃል ሦስት ወፍራም ደብተር ሞላች።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ አዘዘ ይባላል። የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ ካድሬ ሲሆን ምርምር ተሰጠው። ስታርች የሚባለውን ከሸሚዙ ኮሌታ በቀር የትም አያውቀውም። በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰንሰለት እንደምትበጥስ በመቶኛ ጽፋ እንድታቀርብ አዘዛት። ጻፈች፤ ከዕቅድ በላይ ሠርታለች ተብሎ በስብሰባ ተጨበጨበላት። እኛም ወጥተን ሳቅን። ሳያነብ የሚፈርም ሰው ከሁሉ በላይ አደገኛ እንደሆነ ያኔ አልገባንም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያፈናቀላቸውን የወሎ ሰዎች ወደ መተከል የሚወስዱ መኪኖች በእኛ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ከዘንዘልማ ወዲያ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለላቸው፤ ለሳምንት ይቆያሉ የተባሉት ሦስት ወር ቆዩ። የመንግሥት ሠራተኛ በተራ እየሄደ እንዲያግዝ ሲታዘዝ የእኛም ተራ ደረሰ። ወለላ ሕፃናት የሚመገቡበት ድንኳን ውስጥ ገባች፤ ከጠዋት እስከ ማታ አልወጣችም።

ያየችው ይህን ነው። የእርዳታው ስንዴ ዱቄት ገንፎ ሆኖ ይቀርባል። ገንፎው ወፍራም ነው፣ ልጁ ደካማ ነው። ሦስት ማንኪያ ይውጥና መንጋጋው ይዝላል፣ ፊቱን ያዞራል። እናቲቱ ጨንቋት ውሃ ስትጨምርበት ልጁ ይጠጣዋል፤ የጠጣው ግን ውሃ ነው፣ ሆዱ ሞልቶ ያልቃል። ወለላ ቀኑን ሙሉ በየልጁ አፍ የሚገባውን ማንኪያ ስትቆጥር ዋለች። ስንመለስ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ክንዴን ያዘችኝ።

«አንዳርጋቸው፣ ገንፎውን ያወፈረው እኮ ያ ሰንሰለት ነው» አለችኝ። «ክሩን ከበጠስነው ምግቡ ሳይቀንስ ይቀጥናል።»

በማግሥቱ ከገበያ የገብስ ብቅል ገዛሁ። ማማሰያ የሚያቆም ገንፎ አገነፋን፤ ጣታችንን ነክረን እስከ ሦስት የሚያስቆጥር ሲሆን አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨመረችበት። እኔ ይቺ ሴትዮ ናፍቆት ይዟት የእናቷን ጠላ ልትጠምቅ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ገንፎው ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ የሚንቆረቆር አጥሚት ሆነ። እንደገና አፈላችው፣ ቀዘቀዘ፣ ቀመስሁት። ይጣፍጣል። ሰባት ዓመት በብልቃጥ ውስጥ ስታየው የኖረችው ነገር ከአንድ ድስት ውስጥ ወጣ። ወለላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም ነበር፤ የዕውቀቷ ሁሉ ጥቅም በአንድ ቀን ሲመጣ ሰው የሚያደርገውን የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው።

ፈቃድ ጠየቀች፤ ጓድ አዘዘም ሳያነብ ፈረመ። አሥራ ዘጠኝ በጣም የተጎዱ ልጆች ተሰጡን። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቅሉን ፈጭቼ ይዤ እመጣለሁ፣ እሷ ድስቱ ላይ ትቆማለች። ከእናቶቹ መሃል ዘይነት የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ባሏና ሁለት ልጆቿ መንገድ ላይ ቀርተውባታል። የቀራት ዓብደላ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሲያዩት ግን ገና መንፈቅ ያልሞላው ይመስላል። ዘይነት ሰው አታምንም። የመጀመሪያ ቀን ኩባያውን ስሰጣት መልሳ ወደ እኔ ገፋችውና ቅመስ አለችኝ። ቀመስሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁልጊዜ እያየችኝ ቀድሜ ካልተጎነጨሁ ለልጇ አታቀምስም ነበር። ሌሎቹም እናቶች እሷን አይተው እንደዚያ ማድረግ ጀመሩ። ዓብደላ በዐሥረኛው ቀን ማንም ሳይደግፈው ተቀመጠና ከኪሴ እርሳሴን ነጠቀኝ። ማስለቀቅ አቃተኝ፤ ጣቱ ያን ያህል ጉልበት አግኝቷል።

ወለላ ስህተት የሠራችው ያን ቀን ነው። ከደስታዋ ብዛት ለዘይነት ምሥጢሩን ነገረቻት፤ ብቅል ነው፣ እናቴ ጠላ ስትጠምቅ የምትጨምረው ብቅል አለቻት። የማክሰኝት የጠላ ሻጭ ልጅ ናትና፣ ብቅል ለእሷ የእናቷ ግቢ ነው፣ የልጅነት ጣዕም ነው። በድንኳኖቹ ውስጥ ያሉት ግን አብዛኞቹ የወሎ ሙስሊሞች ናቸው። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፤ በማግሥቱ አሥራ ዘጠኝ ኩባያ አጥሚት ሞልቶ ቀርቦ አሥራ ዘጠኙም አልተነካም። ዘይነት ኩባያውን በእግሯ አርቃ አስቀመጠችው። የወለላ ፊት አመድ መሰለ። በራሷ ላይ እንደዚያ ስትናደድ አይቻት አላውቅም፤ «ስኳሩን ሳስብ ሰዎቹን ረሳሁ» ነበር ያለችው።

ሹም አቦ የተከራየችበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ መዲና የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ወለላ ማታውኑ ሄዳ ያደረገችውን ሁሉ ነገረቻቸው። መዲና ሰምተው ሲጨርሱ፣ ብቅል እኛም ቤት ይገባል፣ በእናቴ ቤት ለዒድ ጌሾ ሳይነካው የሚጠጣ ይዘጋጅ ነበር፤ የሚያሰክረው ጌሾውና ሲብላላ መክረሙ ነው እንጂ እህሉ ምን አደረገ አሉ። ሆኖም እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል ብለው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በማግሥቱ ከእኛ ጋር ወደ ድንኳኖቹ መጡ። ከተፈናቃዮቹ ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ፤ እሳቸው ፊት እንድናዘጋጅ አደረጉ። ሼሁ እስኪያልቅ አዩና ብቅሉ ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል ብለው ጠየቁ። ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ እንደገና ይፈላል አለቻቸው። ሼሁ ኩባያውን አንሥተው አሸተቱት፣ ጠጡት፣ ጢማቸውን ጠረጉ። «ሩብ ሰዓት የተኛ ነገር ማንንም አያሰክርም» አሉ፤ መዲናም ተቀብለው ጠጡ። ዘይነት ኩባያዋን አነሣች፤ እንደ ልማዷ ለእኔ አቀበለችኝ፤ ቀመስሁ።

ከዚያ በኋላ እናቶቹ እኛን አልጠበቁም። ከራሽናቸው ስንዴ እፍኝ እፍኝ እየቆነጠሩ በእርጥብ ጨርቅ አበቀሉት፣ ከሐይቁ ዳር ባጨዱት ደንገል በሠሩት ምንጣፍ ላይ ሜዳውን ሙሉ አሰጡት። እኔ በየቀኑ እወስድና ፈጭቼ እመልስላቸዋለሁ። ወለላ እንደዚያ ወር ወፍራ አታውቅም፤ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ቀን ከላይ የመጣ ባለሥልጣን በመኪና ሲያልፍ ያንን የተሰጣ ብቅል አየ። የእርዳታ እህል ጠላ ይጠመቅበታል እንዴ፣ ይህ ለውጭ ጋዜጠኛ ቢደርስ ምን ይባላል ብሎ ጓድ አዘዘን አፋጠጠው። እንግዲህ ይታያችሁ። መልሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ ጠላ አይደለም፣ የሕፃናት ምግብ ነው፣ ፈቃዱንም የፈረምሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። አዘዘ ግን የፈረመውን አንብቦት ስለማያውቅ፣ አጣርቼ እርምጃ እወስዳለሁ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች ምንጣፉን ከነብቅሉ ጠቅልለው በጭነት መኪና ወሰዱት።

ወለላ በሦስተኛው ቀን ሁለት ብርጭቆና የቁስል መቀቢያዋን ይዛ ቢሮው ገባች፤ እኔም ተከተልሁ። በአንደኛው ውስጥ ተራ ገንፎ ነበር፣ አዮዲኑ ሲነካው ሰማያዊ ሆነ። በሁለተኛው ብቅል የገባበት ነበር፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ቀረ። ይህ ሁሉ የሆነው በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው፣ አልኮል ለመሆን ቀናት ይፈልጋል እያለች እንደ ተማሪ አስረዳችው። አዘዘ ብርጭቆዎቹን እያየ፣ ሰማያዊው መርዝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ነበር ሪፖርት የምትጽፈው።

ከዚያ ከመሳቢያው የተተየበ ወረቀት አወጣ። ግለ ሂስ ነው። ለተረጂ ሕፃናት የሰጠሁት ብቅል ከጠላ ድፍድፍ የተወሰደ መሆኑን እያወቅሁ ደብቄአለሁ ይላል። ከታች የእሷ ስም አለ፤ ከእሷ ስም ሥር ደግሞ «በዓይኔ ያየሁ ምስክር» ተብሎ የእኔ ስም።

«ጓድ ወለላ፣ ይኼ የወረቀት ነገር ነው» አለ፤ ድምፁ የተለሳለሰ ነበር። «ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ጥፋተኛ ከተገኘ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ጉዳዩ ከተዘጋ ብቅሉን ሰኞ ጠዋት ለእናቶቹ እመልሳለሁ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሰኞ ጠዋት? ሰኞ ጠዋት አላት። ሐሙስ ነበር። ብቅሉ ከተወሰደ ወዲህ ልጆቹ ወደ ሦስት ማንኪያቸው ተመልሰዋል፤ ሁለቱ እንደገና ተኝተዋል። ወረቀቱን አንብባ ጨረሰችና ፈረመች። እኔ ስክርቢቶውን ይዤ ቆምሁ። ሐሰት መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ብቅሉን የፈጨሁት በገዛ እጄ ነው። አስተዋለችኝና «ፈርም፣ አንዳርጋቸው» አለችኝ፤ «ይሄ ወረቀት ነው፣ ልጅ አይደለም።» ፈረምሁ። እውነቱን ልናገር፤ እሷ ስላለችኝ አይደለም የፈረምሁት። አስር ልጅ የማሳድግ ይመስል ፈርቼ ነው፤ አንድም አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት መኪና መጥቶ ሁለታችንንም ወሰደን። ብቅሉን ከቀኑ ቀድመው ሊመልሱ ነው ብላ ተደስታ፣ መንገዱን ሙሉ ለማን አስቀድመን እንደምንሰጥ ስትናገር ሄደች። ስንደርስ ተፈናቃዩ ሁሉ ሜዳው ላይ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ጓድ አዘዘ በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያ ይዟል። ፋይል ውስጥ ይቀራል ያለውን ወረቀት አንድ በአንድ አነበበው፤ የጠላ ድፍድፍ፣ እያወቅሁ፣ ደብቄአለሁ። አብዮታዊው መንግሥት የሕዝቡን ሃይማኖት እንደሚያከብርና ጥፋተኞቹን እንደሚቀጣ ጨመረበት። በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ስለ ሃይማኖታቸው አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም። የጠየቀቻቸው እሷ ነበረች።

ዘይነት ዓብደላን ታቅፋ ከመሃል ተነሣችና ወለላ ፊት መጥታ ቆመች።

«ይኼን የጻፉት አንቱ ነዎት?» አለቻት።

ወለላ አዎን ብትል የላቦራቶሪዋ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ታውቃለች፤ ከፊርማዋ ካፈገፈገች ከሥራ እንደምትባረር አዘዘ ሐሙስ ዕለት በግልጽ ነግሯታል። ዘይነትን እያየች መለሰች፤ «ፊርማው የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን ውሸት ነው። ብቅላችሁን እንዲመልሱላችሁ ብዬ ፈረምሁ። ጌሾ የነካው ነገር ለልጆቻችሁ ሰጥቼ አላውቅም።»

አዘዘ ከመኪናው ላይ ሆኖ ምስክሩ እዚህ ቆሟል፣ እሱን ጠይቁት ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ዘይነት ዞረች። በጀርባዬ በኩል የታጣቂው መሣሪያ ነበር ብዬ ብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ታጣቂው ግን ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ «በየቀኑ ቀድመህ የቀመስኸው አንተ ነህ። ጠላ ነበር?»

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። ዓብደላ እጁን ወደ ደረት ኪሴ ዘረጋ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» አልሁ።

ዘይነት የልጁን እጅ ከኪሴ ላይ አንሥታ ሄደች። ወለላን ያን ጊዜውኑ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ከተቷት፤ ስትገባ ወደ እኔ አልዞረችም፣ ወደ እናቶቹ ነበር የምታየው።

ብቅሉ ሰኞም፣ ከሰኞ በኋላም አልተመለሰም። ከእናቶቹ ግማሾቹ እሷን አመኑ፤ በየድንኳናቸው ውስጥ፣ ከታጣቂ ተደብቀው፣ በእርጥብ ጨርቅ ስንዴ ማብቀላቸውን ቀጠሉ። መዲናም ከከተማ የተፈጨ ብቅል በጨርቅ ጥቅል መሃል ሸሽገው እየወሰዱ ሲሰጧቸው ከረሙ። ግማሾቹ ደግሞ እኔን አመኑ። ለምን አያምኑኝም? ቀድሜ የቀመስሁት እኔ ነኝ። ዘይነት እኔን ካመኑት አንዷ ነበረች። ዓብደላን በዘጠነኛው ቀን ከሜዳው ጫፍ ቀበሩት፤ እሱን ብቻ አይደለም።

ወለላ አሥራ አራት ወር ያለ ክስ ታሰረች። ስትፈታ ወረታ ላይ የእህል መጋዘን ተመደበች፤ ጆንያ ይመዘናል፣ እሷ ትጽፋለች። ሦስቱ ደብተሮች ማስረጃ ናቸው ተብለው መጋዘን ተቆለፈባቸው፤ ሥርዓቱ ወድቆ ሲከፈት ምስጥ ሽፋኑን ብቻ አስቀርቶላታል። ሌላ ቅጂ ስላልነበራት የጻፈችውን የሚያውቅ የለም፤ በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተማረች። እኔ ጣቢያው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ፣ ሁለት ጊዜ እድገት አገኘሁ። ጓድ አዘዘም ሌላ ወንበር ተሰጠው፣ ጡረታው ተከበረለት፣ አልጋው ላይ ሞተ። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ቀጭን መጽሐፍ ላይ በሌላ አገር ሰዎች ገንፎ በብቅል እያቀጠኑ ሕፃናት ማዳናቸውን አነበብሁና ይዤላት ሄድሁ። ዳር እስከ ዳር አንብባ፣ «ደግ አደረጉ» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ ምንም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ከዚያች እሑድ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰችብኝም፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ታማኝ ረዳቷ እያለ ሲያጽናናኝ የዋለው በዚህ ነው።

ዘይነት መተከል እንደወረደች ሰምቻለሁ፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። ይህን አንብቦ የሚነግራት ሰው ይኖር እንደሆነም አላውቅም። የጠየቀችው ግን እኔን ነው፣ መልሱም የእኔ ዕዳ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ እውነቷን ነው።

ጠላ አልነበረም፣ ዘይነት። ብቅል ብቻ ነበር፣ በእጄ የፈጨሁት፤ ሌላ ምንም አልገባበትም። ልጅሽ ይድን ነበር።